መጀመሪያ ችካሉ፦ «ዳር ዳሩ ይከፈት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የአዲስ አበባን የቤት እጥረት በተመለከተ ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ጭብጡን በአጭሩ እናስቀምጠው። የቤት ችግሩ ሥሩ የመሬት እጥረት ስለሆነ የከተማዋ ዳር ዳር በስፋት ይከፈት ይላል። ሥራ ሰውን ተከትሎ ስለሚመጣ ቤቱ ይቅደም ይላል። ከከተማው መሬት 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ቦታ መያዝ ቤት ለሌለው ሕዝብ ቅንጦት ነው፣ በተለይ የወንዝ ዳርቻው ለቤት ይዋል ይላል። መሀል ከተማው ላይ ከ20 ፎቅ በታች እንዳይሠራ ይመክራል። በመጨረሻም ፕላን ሲወጣ እንጂ ሲከበር ስላላየን ገበያው ይምራው ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊውን ያንገበገባቸው ነገር እኛንም ያንገበግበናል። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ባንክ እየቆጠበ፣ ዕጣ ሳይወጣለት ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያደረሰ ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ የምንከራከረው ቤት ይሠራ አይሠራ በሚለው ላይ አይደለም። የምንከራከረው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ መጀመሪያ የማይሠራበት መሬትና የመንገዱ መስመር በችካል ይለያል፤ ቤቱና የሥራ ቦታው በቀረው ላይ አብረው ይገባሉ። ይህ ሲገለበጥ የሚመጣውን ጣጣ ከነምክንያቱ እናሳያለን።

መሬት ጠፍቶ ነው ወይ?

አዲስ አበባ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 52,700 ሄክታር ገደማ አላት። ሕዝቧን ወደ 4 ሚሊዮን ብንወስደው በአንድ ሄክታር የሚኖረው ሰው በአማካይ 75 አካባቢ ይሆናል። በእርግጥ አማካዩ ውስጥ የእንጦጦ ደን፣ ፋብሪካው፣ አየር ማረፊያውና ወንዙ ሁሉ አለበት። ቢሆንም ቁጥሩ የሚነግረን ነገር አለ። ሰው በጥቂት ሰፈሮች ታጭቆ ይኖራል፣ የቀረው መሬት ግን በስሱ ነው የተያዘው። የታጠረ ባዶ ቦታ፣ ባለ አንድ ፎቅ መጋዘን፣ ከግቢው ሁለት ሦስተኛው ሣር የሆነ ቪላ በየክፍለ ከተማው አለ።

አሁን አንድ ሄክታር ወስደን እንከፋፍለው። ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላን የያዘው ስሌት ይታወቃል፦ 30 በመቶ መንገድ፣ 30 በመቶ አረንጓዴና የጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ግንባታ። ለግንባታ የሚቀረን 4,000 ካሬ ሜትር ነው። ግማሹን ብቻ ሕንፃ እናሳርፍበት፣ ቀሪው ግቢ ይሁን። 2,000 ካሬ ላይ ሊፍት የማያስፈልገው ጂ+4፣ ማለትም አምስት ወለል ብንሠራ 10,000 ካሬ ሜትር ወለል እናገኛለን። ለደረጃ፣ ለኮሪደርና ለግድግዳ 20 በመቶ ሲነሳ 8,000 ይቀራል። ከዚህ አምስተኛውን ለሥራ ቦታ እንስጥ፣ ለቤት 6,400 ይተርፋል። በ50 ካሬ ሲካፈል 128 ቤት ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የአምልኮ ቦታ ስለሚያስፈልግ ከሁሉም ላይ ሩቡን እንቀንስ። 96 ቤት ይቀራል፤ በቤት አራት ሰው ብንል 384 ሰው።

ጸሐፊው እንደሚሉት ደግሞ አረንጓዴውን ጨርሰን እንሰርዘው። 70 በመቶው ለግል ግቢ ቢውልና በ200 ካሬ ቢሸነሸን 35 ግቢ ይወጣዋል። ያንኑ ሩብ ለአገልግሎት ብንቀንስ 26 ግቢ ይቀራል። በየግቢው አምስት ሰው አስገብተን ለጋስ ብንሆን እንኳ 130 ሰው ነው። ዛፉንም ወንዙንም ሰጥተን የምናስገባው ሰው፣ ዛፉን ይዘን ከምናስገባው ሲሶ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ሚሊዮን ሰው ለማስፈር በመጀመሪያው መንገድ 1,300 ሄክታር ገደማ ይበቃል፤ በሁለተኛው ወደ 3,850 ሄክታር ይፈልጋል። የውሃ ቧንቧው፣ የመብራት ምሰሶውና አስፋልቱም በዚያው ልክ ይረዝማሉ።

1,300 ሄክታሩስ የት ይገኛል? ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 39 ጣቢያ አለው። ከአንድ ጣቢያ በ500 ሜትር ዙሪያ ያለው መሬት 78 ሄክታር ያህል ነው። ጣቢያዎቹ ስለሚቀራረቡ ክቦቹ ይደራረባሉ፤ እሱን ቀንሰን ግማሹን ብቻ ብንወስድ 1,500 ሄክታር በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ አለ። ባዶ ነው አንልም፣ ሰው አለበት። ግን ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ በመስመሩ ግራና ቀኝ ስንት ጂ+0 እንዳለ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። (ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው ሌላ ሕመም ነው፤ ሐዲዱ ግን አለ፣ ሐዲዱን ከዚያ የሚያነሳው የለም።)

በዳር ያለው መሬት ደግሞ «ባዶ» ሲባል መስማት ያሳዝናል። ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ የሚበቅልበት የገበሬ ማሳ ነው። ከከተማዋ ወሰን ውጭ ያለው ደግሞ የኦሮሚያ ነው፤ ዙሪያውን የነበሩት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው ተደራጅተዋል። የአዲስ አበባንና የዙሪያውን ልዩ ዞን የሚያያይዘው የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነስቶ፣ ብዙ ሕይወት ጠፍቶ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙን ማንም አይረሳውም። «ይከፈት» የሚለው ቃል እዚያ ያለው ገበሬ ጆሮ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ ጸሐፊው አልመዘኑትም።

ካሳውንም እንመልከት። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለገበሬው የሚሰጠውን የመፈናቀያ ካሳ የሚያሰላው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን በአሥር አባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመት ይዞ በ15 እንዲባዛ አደረገ። መሻሻል ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያባዙት የእህል ገቢን ነው። መሬቱ በማግስቱ በሊዝ ሲወጣ የሚያወጣው ዋጋ ከእህሉ ጋር አይገናኝም። የካሳ ብር ደግሞ ቤት ተሠርቶበት፣ ልጅ ተድሮበት ያልቃል፤ ማሳው በየዓመቱ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ መሬት መክፈት ርካሽ የሚመስለው ወጪው በገበሬው ላይ ስለሚወድቅ ነው።

«ሥራ ሕዝቡን ተከትሎ ይመጣል»

ከአምስቱ ነጥቦች ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄኛው ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንቆይበታለን።

ዳር ያሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ፣ የተሠሩት በዚሁ እምነት ነው። ኮዬ ፈጬ ከመስቀል አደባባይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ነዋሪው ለአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት፣ በወር 26 ቀን ሲሠራ 78 ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። ሁለት የሥራ ሳምንት ማለት ነው፤ ክፍያው ደግሞ ከኪሱ ነው። ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች ቤቱን አከራይተው ራሳቸው መሀል ከተማ ጠባብ ክፍል የሚከራዩት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። የባንኩ ወርሃዊ ክፍያና የታክሲው ሒሳብ ተደምሮ ስለማይወጣላቸው ነው።

የተገላቢጦሹም ስህተት ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 60,000 ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ተሠራ። ሼዱ በወራት ውስጥ ቆመ። የሠራተኛው መኝታ ግን ከፕላኑ ቀድሞ አልተያዘም። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በከተማዋ ዳር ዳር ሰርቪስ ቤት ለአራት እየተከራዩ፣ ከማታ ፈረቃ ጨለማ መንገድ አቋርጠው እየገቡ ሠሩ። ደመወዙ ኪራይና ምግብ ሲከፈልበት ስለማይተርፍ ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ሠርተው ተመለሱ። ፋብሪካው ያሠለጠናትን ሠራተኛ አጣ፣ እሷም ባዶ እጇን አገሯ ገባች። ቤት ያለ ሥራ፣ ሥራም ያለ ቤት ሲተከል የሚወድቀው ያው ሠርቶ አደሩ ነው።

ሥራ ሲባል ቢሮና ፋብሪካ ብቻ የሚመስለን ከሆነ ደግሞ የከተማዋን ግማሽ አናየውም። የሽሮ ሜዳን ሸማኔ እንይ። የሀገር ባህል ልብስ የሚሸመንበት መሣሪያ ጉድጓድ ይፈልጋል። ሸማኔው መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መርገጫውን በእግሩ ያፈራርቃል፣ ድሩ ከፊቱ ተወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ጎኑ ማግ የሚያጠነጥን ልጅ፣ ደጁ ነጠላ የሚቀበል ነጋዴ አለ። ይህ ሰው ዳር ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ሲደርሰው ቤት አገኘ፣ ሥራውን ግን አጣ። ወለሉ አይቆፈርም፣ መሣሪያው በደረጃ አይወጣም፣ ምቱ የታች ጎረቤት ያስቆጣል፣ ገበያው ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ቀርቷል።

እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታቀርብ እናትም እንዲሁ ናት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። አምስት ምጣድ ስትጥድ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ነው፤ የመኖሪያ ቤት ሲንግል ፌዝ ቆጣሪ አይችለውም፣ ብሬከሩ እየወረደ ሊጡ ይኮመጥጣል። በእንጨት ብትጋግር ጭሱ አምስቱን ፎቅ ያዳርሳል። ለእሷ የሚያስፈልጋት ስሪ ፌዝ (ብዙ ኃይል የሚሸከም የመብራት መስመር) የገባለት፣ ጭስ ማውጫና የፍሳሽ መውረጃ ያለው 20 ካሬ የምድር ቤት ነው። ይህ በሳይት ፕላን ላይ አንድ መስመር ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ መብሳትና መስመር መቀየር ይሆናል።

ስለዚህ የሥራ ቦታ በሦስት እርከን አስቀድሞ ይያዛል እንላለን። አንደኛው ምድር ቤቱ ነው። ከ20 እስከ 40 ካሬ፣ የወለሉ ቁመት ከ3.5 ሜትር ያላነሰ፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ ስሪ ፌዝ ያለው። እስካሁን የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የንግድ ቤቶች በጨረታ ከፍ ያለ ዋጋ ለሰጠ ይሸጣሉ፤ የሚያሸንፈው ባንክ፣ ፋርማሲና መጠጥ ቤት ነው፣ ጫማ ሰፊው ከደረጃ ሥር ይቀራል። ቢያንስ ግማሹ ሳይሸጥ በማኅበር ወይም በወረዳ እጅ ሆኖ በኪራይ ይሰጥ። ሁለተኛው እርከን የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራና የጋራዥ ሼድ ነው። ከመኖሪያ ብሎክ 40 ወይም 50 ሜትር ይራቅ፣ መካከሉ ዛፍና መኪና ማቆሚያ ይሁን፣ አይሱዙ ገብቶ የሚዞርበት ቢያንስ 12 ሜትር መንገድ ይኑረው። ሦስተኛው እንደ ቂሊንጦና ቦሌ ለሚ ያለው ትልቁ ፓርክ ነው። እሱ ከቤት ጋር አይቀላቀልም፤ ነገር ግን የሠራተኛው መኖሪያ ከበሩ በአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ መብራት ባለው መንገድ ዳር በአንድ ውል አብሮ ይሠራ።

ከላይ ባሰላነው ሄክታር ላይ ለሥራ የተውነው ወለል ከቅናሹ በኋላ 1,200 ካሬ ነው። ለአንድ ሠራተኛ 12 ካሬ ብንይዝ 100 የሥራ ቦታ ይሆናል። ከ384ቱ ነዋሪ ግማሹ ለሥራ የደረሰ ቢሆን፣ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ታክሲ ሳይሰለፉ ሊሠሩ ይችላሉ። የቤቱን ቁጥር በአምስተኛ ቀንሰን የምንገዛው ይህንን ነው። በእኛ ግምት ርካሽ ግዢ ነው።

አረንጓዴው ቅንጦት ነው?

ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል። በፕላን ላይ አረንጓዴ የተቀባ ብዙ ቦታ መሬት ላይ ሲኬድ ቆሻሻ መጣያ ወይም የግንባታ አፈር ክምር ነው። አንዳንዱ ፓርክም ታጥሮ መግቢያ ስለሚከፈልበት የሰፈሩ ልጅ አይገባበትም። ከዚህ ተነስተው ግን መሬቱ ሥራ የለውም ወደሚል ድምዳሜ ሄዱ። ሥራ አለው፣ ያውም ከባድ ሥራ።

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ አቃቂ በኩል ወደ 2,100 ይወርዳል። በሐምሌ የሚዘንበው ሁሉ በቀበና፣ በባንትይቀጡ፣ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ተንደርድሮ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። አንድ ሄክታር ላይ የወረደው 500 ሜትር ኩብ ነው። ሄክታሩ በሙሉ ጣሪያና ኮብልስቶን ከሆነ ከዚህ 85 በመቶው፣ ማለትም 425ቱ ወደ ዲች ይሮጣል። 30 በመቶው አፈርና ዛፍ ቢሆን የሚሮጠው ወደ 330 ይወርዳል። ልዩነቱ 100 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ነው። በ100 ሄክታር ሰፈር ሲሰላ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ አንድ ሺህ ጊዜ የሚገለብጠው ያህል ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታች ያለው ድልድይ ላይ አይደርስም ማለት ነው። ወንዝ ዳር ቤት ሲሠራ ግን ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። ውሃው የሚሰፋበት ቦታ ይጠፋል፣ ጎርፉ ሲመጣ የሚያገኘውም ያንኑ ቤት ነው። ባለቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ የመከራየት አቅም ያጣ ሰው ነው።

ክፍት ቦታ አጥር ብቻ ሆኖም ያገለግላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሥሩ ተጠግተው የተሠሩ ቤቶችን ነው የዋጠው። 36 ሄክታር ያህል የሆነ ቆሻሻ ለአሥርተ ዓመታት ሲከመር፣ በክምሩና በቤቱ መካከል ማንም እንዳይሠራበት ተከልሎ የሚጠበቅ መሬት አልነበረም። እዚያ መካከል መቆየት የነበረበት ባዶ መሬት ቅንጦት ይባል ነበርን?

እንግዲህ 30 በመቶው ምን ይሁን ለሚለው፣ ሁሉም ፓርክ ይሁን ማለት ስህተት ነው። ፓርክ ውድ ነው፤ ሣሩ ውሃ፣ ጥበቃና አትክልተኛ ይፈልጋል። የእንጦጦው ተዳፋት ደን ይሁን። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መመንጠር አፈሩን ያስጠርጋል፤ በተራራው ወገብ ዙሪያ በጠባብ ረድፍ እየተቆረጠ በየረድፉ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይተካ፣ የታችኛው ረድፍ ሥር ሳይዝ የላይኛው አይነካ። የወንዙ ዳርቻ እንሰት፣ ሸንበቆና የቦታው ዛፍ ይተከልበት። ከአቃቂ ውሃ እየጠለፉ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ማባረር አያስፈልግም። ውሃው የፋብሪካ ፍሳሽ እስካለበት ድረስ ግን ሰላጣና ቆስጣ አይተከል፤ ችግኝ፣ አበባና የመኖ ሣር ይልማበት፣ ገዢው ራሱ ከተማው ይሁን። ሰፈር ውስጥ ያለው ደግሞ ትንሽ ሆኖ ቅርብ ይሁን። ለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ግማሽ ሄክታር ከየቤቱ በአምስት ደቂቃ እግር መንገድ። አጥር አያስፈልገውም።

የእርሻ መሬት ከከተማ ጋር አብሮ ሊኖር አይችልም ለሚሉት፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ጥሩ ማሳያ ነው። በካውንቲው ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለው ከተማ ያለ ሰው የሚያውቀው በሜትሮው ጣቢያ ዙሪያ ያለውን ረጃጅም ሕንፃ ነው። እዚያው ካውንቲ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ 93,000 ኤከር፣ ወደ 37,600 ሄክታር የእርሻ ክልል ተጠብቆ አለ። ከአዲስ አበባ ስፋት ሁለት ሦስተኛ በላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በክልሉ ውስጥ በ25 ኤከር ከአንድ ቤት በላይ አይሠራም፤ ባለመሬቱ እንዳይጎዳ ግን በየአምስት ኤከሩ አንድ የግንባታ መብት ይሰጠውና ለሌላ ቦታ አልሚ ይሸጠዋል። አልሚው ያንን ገዝቶ ከተማ በሚያድግበት ቦታ ተጨማሪ ቤት ይሠራበታል። እዚያም ቤት ውድ ነው፣ ነገሩ ሁሉን ችግር ፈታ አንልም። እኛ ጋ ደግሞ መሬት ስለማይሸጥ በቀጥታ አይቀዳም። ሐሳቡን ግን ማላመድ ይቻላል፦ በሊዝ ቦታ ላይ ከተፈቀደው በላይ ወለል የሚጨምር አልሚ በካሬ ሜትር ይክፈል፣ ገንዘቡ ማሳውን ይዞ ለሚቀጥለው ገበሬ በየዓመቱ ይከፈለው።

20 ፎቁ

በዚህ ላይ ብዙ አንልም፤ ከላይ ያለው ስሌት መልሶታል። ሕንፃው ሲረዝም ለሊፍት፣ ለሁለት ማምለጫ ደረጃና ለቧንቧ መውረጃ የሚወሰደው ወለል ይጨምራል። በሕንፃና በሕንፃ መካከልም ፀሐይና አየር እንዲገባ ርቀቱ መስፋት አለበት። ስለዚህ ፎቁ አራት እጥፍ ሲሆን ቤቱ አራት እጥፍ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱም የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቆማል፤ 14ኛ ፎቅ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ጀሪካን ይዛ ትወጣለች። ለጄኔሬተር ናፍጣና ለሊፍት ጥገና በየወሩ የሚከፈለው መዋጮ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ነዋሪ ያስወጣዋል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ዋልካ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቀላል ሕንፃ እንኳ አፈሩ ተነስቶ ገረጋንቲ ሲሞላለት ነው የሚቆመው፣ ለ20 ፎቅ ፓይል (ወደ ጥልቅ የሚወርድ የመሠረት ምሰሶ) ካልወረደ አይሆንም። ባንክና ሆቴል ይህን ይችላሉ፣ በዋና ጎዳና ላይ ይሥሩት። ቤት ፈላጊው ግን ጂ+4ን በብዛት፣ ተቀራርቦ፣ ሥራው ሥሩ ሆኖ ይፈልገዋል።

የመሀል ሰፈር መልሶ ግንባታ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአፈጻጸሙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑት ቤቶች መካከል ብዙዎቹ ዛሬም በቀበሌ ቤትነት ሰው ይኖርባቸዋል፤ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ሲፈርስ እድሩ ይበተናል፣ ጉልቱ ይጠፋል፣ ነዋሪው ዳር ይወሰዳል። የሚሻለው አካሄድ ማዞር ነው። በሰፈሩ ውስጥ ወይም አጠገቡ ካለ ባዶ ቦታ ሁለት ብሎክ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ 60 ወይም 80 ቤተሰቦች እዚያ ይገባሉ። እነሱ የለቀቁት ይፈርስና ቀጣዩ ብሎክ ይቆማል። እያለ ይዞራል። ጊዜ ይፈጃል፣ ተቋራጩም አይወደውም፤ ሰው ግን ከሰፈሩ አይነቀልም።

ፕላን ስላልተከበረ ይቅር?

ይህ የጸሐፊው ብርቱ ነጥብ ነው። እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባ ቀለበት መንገድና ሳተላይት ከተሞችን አቅደው ነበር። ቀለበት መንገዱ የተሠራው ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መስመሩ ላይ ሰው ሰፍሮ ስለነበር ሰፈር ለሁለት እየሰነጠቀ አለፈ። ከእሳቸው በኋላም የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሃንጋሪና የጣሊያን ባለሙያዎች እየተቀባበሉ ፕላን ሠርተዋል። ወረቀቱ አላነሰም። ፕላኑ በወጣበት ጊዜ የመንገዱ መስመር በችካል ተይዞ ቢሆን ኖሮ ወጪው ምን ያህል ይቀል እንደነበር ይታሰብ። ይህ የሚያሳየው ፕላን አለመጥቀሙን ሳይሆን መስመሩ መሬት ላይ ሳይወርድ የዘገየበት ዋጋ ነው።

ፕላን የሚፈርስባቸውን ቦታዎች እናውቃቸዋለን። አንደኛ፣ መዋቅራዊ ፕላኑ ጸድቆ እሱን በየሰፈሩ የሚዘረዝረው የአካባቢ ልማት ፕላን ዓመታት ይዘገያል፤ በዚያ መሀል ቦታው ይታደላል፣ ይወረራል። ሁለተኛ፣ አረንጓዴ የተቀባው መሬት በሰው ይዞታ ሥር እያለ ካሳ አይከፈለውም፤ ባለይዞታው መሥራትም መሸጥም ስለማይችል ሌሊት ሌሊት እየሸነሸነ ይሸጠዋል። ሦስተኛ፣ ክፍት ቦታው ጠባቂ መሥሪያ ቤት የለውም። ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ላስቲክ ቤት ይቀለስበታል፣ ቆርቆሮው ይከተላል፣ ከዚያ «ሕጋዊ ይሁን» ይባላል። ገበያው ይምራ ማለት ይህንኑ ሰንሰለት ማጽደቅ ነው። ገበያ ቤትና ሱቅ ያቀርባል። መንገድ፣ ወንዝ ዳርቻና የልጆች ሜዳ ግን በጨረታ አሸንፈው አያውቁም፤ ስለዚህ ከጨረታው በፊት መውጣት አለባቸው።

ይህ በሀገራችን ተሞክሯል። ከ2005 ዓ.ም. አንስቶ በባሕር ዳር፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በመቀሌ የከተማ መስፋፊያ ሥራ ሲጀመር ዘዴው ቀላል ነበር፦ ከተማው ሊደርስበት በሚችለው መሬት ላይ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ 30 ሜትር ስፋት ያለው ዋና መንገድ መስመር አስቀድሞ መያዝ፣ መጠበቅ ያለበትን ክፍት ቦታ አብሮ መለየት። ሒሳቡን ብንሠራው፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ይደርሰዋል፤ በ30 ሜትር ሲባዛ 6 ሄክታር፣ ከመሬቱ 6 በመቶ ነው። አስፋልቱ ዛሬ መነጠፍ የለበትም። ከተማው እስኪደርስበት ድረስ ገበሬው መስመሩ ላይ እንኳ ሊያርስ ይችላል። ቤት ብቻ አይሠራበትም።

መዋቅራዊ ፕላኑ በ2019 ዓ.ም. ዘመኑ ስለሚያልቅ ቀጣዩ ሲዘጋጅ ሥራው በዚህ ይጀመር። የወንዝ ዳርቻው፣ የተዳፋቱና የዋና መንገዱ መስመር በኮኦርዲኔት ተለይቶ ይነበብ፤ ዝርዝሩ ለየወረዳውና ለየቀበሌው ሽማግሌ ይሰጥ። ለተያዘው መሬት ካሳ በዚያው በጀት ዓመት ይከፈል፣ ካልተከፈለ መስመሩ አይያዝ። ልኬታው ከአጨዳ በኋላ ይሁን፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፣ የማንም አዝመራ እንዳይረገጥ። ችካሉ የእንጨት ከሆነ ማገዶ ሆኖ ያልቃል፤ ብረት የገባበት የኮንክሪት ችካል ይሁን። ዋልካ ላይ ሲተከል ጉድጓዱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ሥሩ ሰፋ ብሎ በኮንክሪት ይሞላ። በ20 ሴንቲ ሜትር የተተከለው ክረምት አፈሩ ሲያብጥ ተገፍቶ ይወጣል፣ መስከረም ላይ መስመሩ የት እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም።